ኔላ በየትኛው ክፍል ላይ ናት?

ሕይወትህን የቀየረው ቀን የትኛው ነው ሲባል ሰው ሠርጉን ወይም ከሞት የተረፈበትን አደጋ ያነሳል። እኔ የራሴን ስናገር ሰዎች መጀመሪያ ይስቁብኛል። የእኔ ነገር የተጀመረው በአንድ ተከታታይ ፊልም ላይ በተነሳ ክርክር ነው፤ ያውም ዘንዶና ንግሥት ባሉበት ፊልም። ብትስቁ ቅር አይለኝም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ናሆም እባላለሁ። አራዳ ባለ ማተሚያ ቤት የሠርግ ካርድ፣ የምግብ ቤት ሜኑና የሙት ዓመት መታሰቢያ በኮምፒውተር አቀናብራለሁ። ላጤ ነበርኩ። በሳምንቱ ውስጥ የምጠብቃት ሰዓት ብትኖር ቅዳሜ ከሰዓት ነበረች፤ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን የምንከራከርባት ሰዓት። ቤቲ የታሪክ መምህርት ናት፤ «ማስረጃህ ምንድነው?» ሳትል ማኪያቶዋን አታነሳም። ሱራፌል ወርቅ ቤት ነው የሚሠራው። ተወልዶ ያደገው እዚያው ፒያሳ ስለሆነ ምላሱ ምላጭ ነው። እኔ ደግሞ ክርክር እወዳለሁ እል ነበር። እውነቱን ለመናገር የምወደው መርታት ነበር።

የዚያን ሰሞን የያዝነው «የሐይቁ ነገሥታት» የሚባለውን ፊልም ነው። ላላያችሁት ባጭሩ፦ በሐይቅ መሐል የተሠራች ከተማ አለች፤ ከሐይቁ ሥር ዘንዶ ተኝቷል። ዘውድ የጫነ ሰው ትልቁ ሥራው ዘንዶውን አለመቀስቀስ ነው። ንግሥት ቫይራ ወንድሟ ንጉሥ ኦርዳን ከሞተ በኋላ ዙፋኑን ትወርሳለች። ደግ ናት፤ ከተራው ሕዝብ ጋር ትበላለች፤ የታመመ ትጠይቃለች። ምዕራፍ በምዕራፍ ስንወዳት ቆይተን በመጨረሻው ምዕራፍ የግድቡን በር በገዛ እጇ ከፍታ ከተማዋን ከነሕዝቧ አሰጠመችው። ከዚያ ጣሪያ ላይ ብቻዋን ቆማ ውኃውን ስታይ ፊልሙ አለቀ።

አገር ተበጠበጠ። ቤቲ «ምልክቱ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ነበር፤ ሥልጣን ነው ያበላሻት» አለች። ሱራፌል «ባክሽ ደራሲዎቹ ደክሟቸው ነው፤ ቶሎ ጨርሰው ሊተኙ ፈልገው ነው» አለ። እኔ «በወንድሟ ሐዘን አብዳለች» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ቴሌግራም ላይ የፊልሙ ወዳጆች የሚጨቃጨቁበት ግሩፕ ነበረንና እዚያም ያው ነበር፤ ሰው ተሰዳደበ፣ ተኳረፈ፣ ግሩፑን ጥሎ የወጣም ነበር።

በዚህ መሐል ነው ሶስና የምትባል፣ ከዚያ በፊት ብዙም የማትጽፍ ልጅ እንዲህ ብላ የጻፈችው፦ «ስለ ቫይራ ይህን ያህል ስትከራከሩ ኔላን አንድ ሰው እንኳ አላነሳም። ከተማው ሲሰጥም ኔላ የት ነበረች?»

ኔላ የምትባል ሰው ፊልሙ ውስጥ የለችም።

ሱራፌል ወዲያው ሙድ ያዘባት። «እሷ ደግሞ ማናት? የየትኛው ሰፈር ቅጂ ነው ያየሽው?» የሳቅ ምልክት ዘነበ። ልጅቷ ግን አልተናደደችም። «ታንኳ ቀዛፊዋ ናታ! ሰው ለማሻገር የምትጠይቀው ለማንም ተነግሮ የማያውቅ አንድ እውነት ነው። እውነቱን ካልነገርካት መቅዘፊያዋን አታነሳም። ንጉሥ ኦርዳን እንኳ መናገር አቅቶት ዳር ቆሞ ቀርቷል እኮ» ብላ መለሰች።

ኦርዳን ሐይቁ ዳር የቆመበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው፤ ማንም አይናገርም፣ ታንኳም አይታይም። ሌላው ሰው ተሳልቆባት ሲያልፍ እኔን ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ውሸት ከሆነ እንዴት ያለ ውሸት ነው? ማን ይህን ያስባል? ለብቻዋ መልእክት ላክሁላት። «ከዚያስ? ኦርዳን በመጨረሻ ነገራት?»

ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌ ውስጥ እንደምንከራከር ከግሩፑ ታውቅ ኖሯል። «ቅዳሜ የት ነው የምትገናኙት?» አለችኝ።

ቅዳሜ መጣች። ካፌው እንደወትሮው ጢም ብሎ ሞልቷል። አስተናጋጇ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ክንዷን ይዛ ወደ እኛ አመጣቻት። በሌላኛው እጇ ነጭ በትር ይዛለች። «ሶስና ነኝ» አለች ፈገግ ብላ። «ሥራዬ እዚህ አምስት ኪሎ ነው፤ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ይቅርታ፣ ትንሽ አረፈድኩ።»

ሱራፌል ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ወንበሩን ሳበላትና ተመልሶ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ዝም አላችሁሳ? ስልኬ ግሩፑን ሲያነብልኝ እንዲህ ዝምተኞች አይደላችሁም» አለች።

«አይ… እንዴት ነው ፊልሙን…» ብላ ቤቲ ጀመረችና ዋጠችው።

«እንዴት ነው ያየሁት? አባቴ ነው ያሳየኝ» አለች ሶስና፤ እንደ ተራ ነገር። «አጠገቤ ይቀመጥና የሚታየውን ሁሉ ይነግረኛል። ማን ገባ፣ ማን ምን ለበሰ፣ ሰማዩ ምን መሰለ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አብረን ነው ያየነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ግን ስትሮክ መታው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ፤ ንግግሩ ነው የሄደው። መጨረሻው ቀረብን። እና የሚነግረን ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት። ‹ከዚያስ?› ብሎ የጠየቀኝ የትኛችሁ ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ዛሬ ጊዜ አለህ?»

ሂሳብ ከፍለን ስንነሳ ሶስና ከአስተናጋጇ ጋር ቀደም ብላ ወጣች። ሱራፌል ክንዴን ያዘኝ። «ስማ ፍሬንድ፣ እንዳትነግራት» አለኝ በሹክሹክታ። «ሰውየው ለልጁ ሲል የፈጠራትን ሴትዮ እንዳትገላት።»

«ለምን አይነገራትም?» አለች ቤቲ። «የሕግ ሰው ናት፤ ሕፃን አይደለችም። ነገ ሌላ ሰው ቢስቅባትስ? አንተ ራስህ አልሳቅህባትም?»

«እሱማ… አላወቅሁማ!»

ለሳምንታት ስለ ቫይራ ስንጨቃጨቅ አንድም ቀን እንደዚያ ጭንቅ አልያዘንም። ሁለቱንም ጥያቸው ወጣሁ። ምን እንደማደርግ አልወሰንኩም ነበር። ወደዚያ ቤት የወሰደኝ ደግነት ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ያንን ሰው ማየት ፈልጌ ነው፤ ከባዶ ሙዚቃ ውስጥ ሴት የፈጠረውን ሰው።

በጊዮርጊስ በኩል ወጥተን ሚኒባስ ያዝን። ክርኔን ይዛ ነበር የምትሄደው። ታክሲው ውስጥ ስለ አባቷ አጫወተችኝ። ጋሽ መክብብ ዕድሜ ልኩን እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። ሲያስተምር ይጮኻል፣ ያጨበጭባል፣ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ንግግሩ ከሄደ ወዲህ ግን ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ክፍሉን ለቅቆ ይወጣል። እጅና እግሩን የሚያሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። «መድኃኒቱን ይውጣል፣ ምግብም ይበላል፤ ግን ትቶናል» አለች። እኔ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ማየት ያዝኩ። «ኔላ የለችም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ግቢ ነው። በር የከፈቱልን እናቷ እትዬ ዘነበች ናቸው። መዋዕለ ሕፃናት ሲመሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው አሁንም ልጆች ያሰልፋል።

«አንተ ነህ የፊልሙ ልጅ? ግባ የኔ ልጅ። ያው ያ የዘንዶ ፊልም አይደል? እኔ እንኳ አልወደውም፤ ጥንቆላ አለበት» አሉ፤ ግድግዳው ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ያለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። «ግን ላንቺ ስል ልዝጋው» ብለው ሶስናን ገፋ አደረጓት።

«ምኑን?»

«አፌን።»

ጋሽ መክብብ መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። ትከሻቸው ሰፊ፣ ሽበታቸው በጥሩ ሁኔታ የተበጠረ ነው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተቀመጠ ዕቃ ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ «ጤና ይስጥልኝ ጋሽ መክብብ» አልኳቸው።

ገልመጥ አድርገው አዩኝና «እንግዲህ» አሉ።

የሚቀጥለውን ቃል ጠበቅሁ። አልመጣም።

«ያቺ ብቻ ናት የቀረችው» አሉ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው። «ሐኪሙ እንዲህ ያጋጥማል ይላል፤ ሁሉ ሄዶ አንዲት ቃል ትቀራለች። ደግነቱ ጥሩ ቃል ናት። ሲርበውም እንግዲህ፣ ሲናደድም እንግዲህ። እኛ ለይተነዋል።»

ሶስና ቴሌቪዥኑን ከፈተች። የፊልሙ መግቢያ ዜማ ሲጀምር ጋሽ መክብብ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ።

«አባዬ፣ ቁጭ በል» አለች። «ዛሬ አንተም አድማጭ ነህ። ናሆም ነው የሚነግረን።»

«እንግዲህ!» አሉ፤ ይህኛው ትርጉም አላስፈለገውም። ወደ በሩ ሄዱ። ግን አልወጡም። ጀርባቸውን ሰጥተውን የበሩን መቃን ተደግፈው ቆሙ።

ጀመርኩ። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም። ፊልሙን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ እያንዳንዱን ነገር ተከራክሬበታለሁ። ስናገረው ግን «እሺ… አሁን ቫይራ ገባች። ከዛ ሄደች። ከዛ… ሰዎች አሉ። በር ነገር አለ…» ነው የምለው። ምን እንደማይ አላውቅም! ለካ እስከዚያ ቀን ሳየው የኖርኩት የምከራከርበትን ብቻ ነው። ሶስና በትዕግሥት ትሰማኛለች። ከበሩ በኩል ግን ከዘራ ወለሉን ዷ አደረገው።

«እንግዲህ!»

«ቀስ በል ነው የሚልህ» አሉ እትዬ ዘነበች።

ቀስ አልኩ። «ቫይራ ደረጃውን እየወረደች ነው። ጫማ የላትም። ቀሚሷ… አረንጓዴ ነው።»

ዷ! «እንግዲህ!»

«ምን ዓይነት አረንጓዴ? ነው» አለች ሶስና፤ መሳቅ ጀምራ።

ፊልሙን አቁሜ አየሁት። በእውነት አየሁት። «የኩሬ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ዓይነት አረንጓዴ። ጫፉ ረጥቧል። ስትወርድ ደረጃው ላይ የውኃ መስመር እየተወች ነው፤ ከየት እንደረጠበች አላውቅም።»

የከዘራው ድምፅ ጠፋ። ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ጋሽ መክብብ ዞረዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሐሞቴ ኮስተር አለና ቀጠልኩ። የግድቡ በር ዝገት ነበረበት፤ ከተማው ውስጥ አንዲት ሴት ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ውኃው መጀመሪያ የመጣው እንደ ጎርፍ ሳይሆን በየበሩ ሥር ሾልኮ፣ እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ነበር። እትዬ ዘነበች ጓዳ ደርሰው እንደሚመለሱ ሰው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ከተማው ሰጠመ። ቫይራ ጣሪያው ላይ ወጣች። ንግግር አለቀና ረጅሙ ሙዚቃ ጀመረ።

ሶስና እጇን አነሳች። «አቁመው።»

አቆምኩት።

«ኔላስ?»

ይህን ሰዓት ነበር ከፒያሳ ጀምሮ ስፈራው የመጣሁት። ጋሽ መክብብን አየኋቸው። አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል፤ ግራ እጃቸው የወንበሩን እጀታ ጨብጧል። ዓይናቸው ላይ ያለው ልመና ነበር። ልጃቸው ፊት የፈጠሯት ሴት እንዳትሞትባቸው ይለምኑኛል፤ አንደበት ስለሌላቸው በዓይናቸው።

«ኔላ…» አልኩ። «ኔላ እንግዲህ… እዚህ ላይ ብዙም…»

ሶስና ሳቀች። ከልቧ ነበር የሳቀችው።

«ናሆም፣ አትጨነቅ። እንደሌለች አውቃለሁ።»

የጋሽ መክብብ እጅ የወንበሩን እጀታ ለቀቀ።

«ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አውቃለሁ» አለች ፊቷን ወደ አባቷ መልሳ። «አባዬ፣ ቫይራ ስታወራ የምሰማው ቫይራን ነው። ኦርዳን ሲያወራ ኦርዳንን። ኔላ ግን ሁልጊዜ የምታወራው ባንተ ድምፅ ነበር። ያውም ሙዚቃ ሲሆን ብቻ! ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መቼ ታወረ?»

እንዴት አላሰብነውም? ዓይን ያለን ሦስት ሰዎች፣ ይነገራት አይነገራት ብለን ካፌ በር ላይ ልንደባደብ ደርሰን ነበር እኮ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ብነግረው ያቆም ነበራ!»

የጋሽ መክብብ ፊት ቀላ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ ዘነበች ደንግጠው ወደሳቸው ሮጡ። ሰውየው ግን እየሳቁ ነበር። ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ እየሳቁ፣ እንባቸው እየወረደ «እንግዲህ… እንግዲህ…» አሉ።

ሶስና ተነስታ ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «የመጨረሻውን ክፍል ብቻዬን ሰምቼዋለሁ» አለች። «አስቀያሚ ነው። ሰው ይጮኻል፣ ውኃው ይመጣል፤ ከዚያ ይህ ረጅም ሙዚቃ። እንደሰማሁት ያወቅሁት ነገር ኔላ የምትመጣው እዚህ ጋ መሆኑን ነው። የሚያመጣት ሰው ግን ዝም ብሏል። ግሩፑ ላይ የጻፍኩት የሚያመጣት ሰው ባገኝ ብዬ ነው። ሁሉም ‹የለችም› አሉኝ። አንድ ሰው ብቻ ‹ከዚያስ?› አለኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «እና እንጨርሰው። አባዬ መጨረሻውን ሳያውቅ እንዲቀር አልፈልግም።»

ሙዚቃውን ወደኋላ መልሼ ከፈትኩት። ጣሪያው ላይ ቫይራ፤ ዙሪያዋን ውኃ።

«ኔላ አብራ ሰጥማለች» ብዬ ሞከርኩ። እኔ ሐዘን ያለበት ፍጻሜ እወዳለሁ።

«እንግዲህ!» ከዘራው ወለሉን መታ። ቁጣ።

«እሺ፣ ሕዝቡን በሙሉ እያመላለሰች አዳነችው።»

«እንግዲህ» አሉ ፊታቸውን ጨፍገግ አድርገው። መልሱን ከጓደኛው ቀድቶ ላቀረበ ተማሪ የሚባለው ዓይነት ነበር። ሶስና ሳቀች። «ቀላል ሆነበት» አለች።

አሰበች። ሙዚቃው አለቀና እንደገና አስጀመርኩት። «ኔላ ዘግይታ ነው የደረሰችው» አለች ቀስ ብላ። «ከተማው የለም። ከውኃው በላይ የቀረ አንድ ጣሪያ ነው። ጣሪያው ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ኔላ ወደሷ ቀዘፈች።»

ጋሽ መክብብ ከወንበራቸው ወደፊት ተሳቡ። «እንግዲህ» አሉ በለሆሳስ። ቀጥይ ማለት እንደሆነ እኔም አወቅሁ።

«ታንኳዋን ጣሪያው ጫፍ ላይ አቆመች። ንግሥቲቱ ልትሳፈር እግሯን አነሳች። ኔላ መቅዘፊያዋን አላነሳችም። ጠየቀቻት። ያንኑ ጥያቄ።»

«እንግዲህ…»

«ግን ምን ብላ ትመልስ?» አለች ሶስና። «እውነቱ ምንድነው? ለምን አደረገችው?»

ለሳምንታት ፒያሳ ላይ የተነታረክንበት ጥያቄ ነበር። እኔ አብዳ ነው አልኩ። ጋሽ መክብብ ራሳቸውን ነቀነቁ። የቤቲን አልኩ፤ ሥልጣን ነው። ነቀነቁ። የሚፈልጉትን ያውቁታል፤ ጉሮሯቸው ውስጥ አለ፤ ከንፈራቸው ይሞክራል፤ የሚወጣው ግን ያቺው ቃል ናት። «እንግዲህ፣ እንግዲህ፣ እንግዲህ!» ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። ቃሉን ፍለጋ እንደዚያ ሲታገሉ ሳይ ይዤው የመጣሁት ጨዋታ ጨዋታ አልሆን አለኝ።

«ፈርታ ነዋ።»

ሁላችንም ዞርን። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ናቸው፤ የሰሃን ማድረቂያ ጨርቅ በእጃቸው ይዘዋል።

«ምን ያነታርካችኋል? ፈርታ ነው» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት ዘንዶው ይነሳል ይነሳል እያለች፣ ሌሊት እየባነነች፣ ሰው ፊት ግን እየሳቀች። ጠዋት የታመመ ትጠይቃለች፣ ማታ ብቻዋን ትንቀጠቀጣለች። መጠበቁ ሲከብዳት ይምጣ የሚመጣው ብላ በሩን ከፈተችው። ለማን ትናገረው? ንግሥት ናታ።» ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። «እኔ እንኳ ስንት ቀን ነው ከዚህ ሰውዬ ጎን ተኝቼ ትንፋሹን ስቆጥር የማድረው? ለማን ነገርኩ? ለልጄም አልነገርኩም። ፈራሁ። ፈራሁ ትበላት።»

ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። ጋሽ መክብብ ግራ እጃቸውን ዘረጉላቸው። እትዬ ዘነበች መጥተው ያዙት። ሰውየው ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩና፣ ከዚያ በፊት ባልሰማሁት ረጋ ባለ ድምፅ «እንግዲህ» አሉ።

ሶስና ፊቷን አባቷ ጉልበት ላይ አድርጋ ጨረሰችው። «‹ፈራሁ› አለች ንግሥቲቱ። ኔላም መቅዘፊያዋን አነሳች።»

ሙዚቃው ከዚያ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ቀጥሎ ነበር። ማናችንም አልተነሳንም። ከዚያ እትዬ ዘነበች «በሉ ሻይ ቀዘቀዘ» አሉ፤ ያላፈሉት ሻይ።

ተአምር ሆነ ብዬ አልነግራችሁም። ጋሽ መክብብ በማግሥቱ ተነስተው አልተናገሩም። ሰኞ ዕለት ግን የፊዚዮቴራፒው ልጅ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አላዞሩም፤ የማይሰማውን እጃቸውን በጤነኛው አንስተው ሰጡት። ይህን በስልክ የነገሩኝ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ እያለቀሱ። ቃል ግን የመጣው በወራት ነው፤ አንድ አንድ እያለ፣ እየተንገዳገደ። አሁን አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። ሲደክማቸው ይጠፋባቸዋል፤ አንዳንዴም «ወንበር» ለማለት «ድልድይ» ይላሉ። እትዬ ዘነበችም ሌሊት ሲፈሩ ሶስናን መቀስቀስ ጀምረዋል።

ሶስናን አገባኋት ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አላገባኋትም። እሷ ያገባችው ሌላ ጠበቃ ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ብቻ ፊልም ሲያይ ይተኛል።

እኔን ያገኘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እነሶስና ቤት መመላለስ አበዛሁ። አዲስ ፊልም እናያለን፤ እናገራለሁ፤ ጋሽ መክብብ ያርሙኛል። ከዚያ ሶስና ጓደኞቿን ጠራች፤ የእነሱ ጓደኞች ተጨመሩ፤ ሳሎኑ ጠበበ። አሁን አምስት ኪሎ አንድ አዳራሽ ተፈቅዶልን በየሁለት ሳምንቱ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ፊልም «እናሳያለን»። ማተሚያ ቤቱን አልለቀቅሁም። ግን ሥራህ ምንድነው ስባል አፌ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ይኼኛው ነው። የማየውን ለሌላ ሰው መንገር እስክጀምር ድረስ ሳላይ እኖር ነበር። ታክሲ ውስጥ ዛሬ የሰው እጅ አያለሁ። የአስተናጋጇን ድካም አያለሁ። ቀለም ሲገጥመኝ «ምን ዓይነት አረንጓዴ?» እላለሁ ለራሴ።

አንድ ቀን «የሐይቁ ነገሥታትን» እንደገና ስመለከት፣ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ ከሩቅ በተነሳ ምስል ውስጥ፣ ጭጋጉ መሐል አንዲት ትንሽ ታንኳ አየሁ። ውስጧ ፊቱን የተከናነበ ሰው አለ። ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ ዓይን እስኪርገበገብ ታይቶ ይጠፋል። ማንም ተከራክሮበት አያውቅም። ጋሽ መክብብ ያቺን ነው አንስተው ሰው ያደረጓት።

ሱራፌልና ቤቲም አሁን አዳራሹ ውስጥ ያግዙናል። ሱራፌል ግሩፑ ላይ ሶስናን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል፤ እሷም «ይመችህ፣ ግን ቅጂው የአምስት ኪሎ ነው» ብላዋለች። ክርክሩ ግን አላበቃም። የኔላን ፍጻሜ ለቤቲ የነገርኳት ቀን ማኪያቶዋን አስቀምጣ ተቆጣች። «ታንኳዋ ላይ አሳፈረቻት? ያን ሁሉ ሕዝብ ያሰጠመችውን? ‹ፈራሁ› ስላለች ብቻ? ልብስ ስታሰጣ የነበረችዋ ሴትስ? እሷን ማን አሻገራት?» ሱራፌል «ኔላ እውነት እንጂ ፍርድ አትጠይቅማ» አላት። ጉዳዩን እትዬ ዘነበች ድረስ ወሰድነው። እሳቸው አሰብ አድርገው «ታሳፍራት። ግን ሲሻገሩ አንድ ቃል አታናግራት» አሉ። ጋሽ መክብብን ጠየቅናቸው። አሁን ቃል አላቸው፤ መመለስ ይችላሉ። ፈገግ ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

እኔ እስካሁን አልወሰንኩም። ድሮ ቢሆን አንዱን ይዤ ሙጭጭ እል ነበር። አሁን ግን የሰው መልስ መስማት ይበልጥ ይጥመኛልና ይኸው እናንተን እጠይቃለሁ። ታንኳው የእናንተ ነው፤ ሴትየዋ ጣሪያው ጫፍ ላይ ቆማ «ፈራሁ» ብላችኋለች፤ ከታንኳችሁ ሥር ከተማ አለ። ታሳፍሯታላችሁ?